አበቅቴና መጥቅዕ በስምንተኛ ክፍል

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ የሥነ ፈለክን ትምህርት መከለስ የምጀምረው የፕላኔቶችን ስም በማስደርደር አይደለም። ሰሌዳው ላይ 7518 ብዬ እጽፍና «ለ19 አካፍሉ፤ ቀሪውን ብቻ ንገሩኝ» እላለሁ። 13 ይወጣል። «አንዱን ለዘመን ተዉት» ስላቸው 12 ይቀራል። 12ን በ11 አባዝተው ለ30 ሲያካፍሉ ቀሪው 12 ነው፤ 12ን በ19 አባዝተው ለ30 ሲያካፍሉ ደግሞ 18። የመጀመሪያው የ2018 ዓ.ም. አበቅቴ ነው፤ ሁለተኛው መጥቅዕ። ይህን ጊዜ አንዱ ተማሪ ከወንበሩ ብድግ ይላል፦ «ቲቸር፣ ሁለቱ ሲደመሩ 30 ሆኑ እኮ!» አዎ፣ በየዓመቱ 30 ናቸው፤ 11 እና 19 ራሳቸው 30 ስለሆኑ።

ከዚህ ወዲያ ወደ ትንሣኤ ዕለት ያለው መንገድ አጭር ነው። መጥቅዑ ከ14 ስለበለጠ በመስከረም ይውላል። መስከረም 18 ቀን 2018 እሑድ ነበር፤ የእሑድ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የሚደመረው ቁጥር፣ 7 ነው፤ 18 እና 7፣ 25። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ገባች ማለት ነው። ከዚያ 69 ቀን ሲቆጥሩ ሚያዝያ 4 እሑድ ላይ ይደርሳሉ፤ ትንሣኤ። ልጆቹ ቤታቸው ሄደው ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ቀን መቁጠሪያ ጋር ሲያስተያዩት ልክ ሆኖ ያገኙታል። 7518 የተባለውም እንግዳ ቁጥር አይደለም፤ 5500 ዓመተ ፍዳ ላይ 2018 ዓመተ ምሕረት ሲደመር ነው። ለ4 ሲካፈል 2 ይተርፋልና ዘመኑ ማርቆስ ነው።

ይህን ሒሳብ የተማርኩት ጎጃም ውስጥ፣ የሣር ክዳን ባለው የአብነት ትምህርት ቤት፣ ወረቀት ሳልይዝ ነው። የኔታ ቁጥሩን በቃላቸው ይጠሩታል፤ እኛ ተቀብለን በጣታችን እንይዛለን። በአንድ እጅ ላይ 14 አንጓና 5 የጣት ጫፍ፣ በድምሩ 19 የመቁጠሪያ ቦታ አለ። እንግሊዛዊው መነኩሴ ቤዳ እ.ኤ.አ. በ725 በጻፈው የዘመን ቆጠራ መጽሐፍ ውስጥ ይህንኑ የእጅ ቆጠራ ለ19ኙ ዓመት ዑደት ሲያስተምርበት ሳነብ፣ ሁለቱ የማይተዋወቁ አገሮች ከአንድ የእስክንድርያ ምንጭ እንደጠጡ ገባኝ። ዛሬ ተማሪዎቼን መዳፋቸውን ዘርግተው እንዲቆጥሩ ሳደርግ ካልኩሌተር ከመነካካት ይልቅ ያስደስታቸዋል፤ ቁጥሩም አይረሳቸውም።

ይህ የዘመን ቆጠራ ሒሳብ ባሕረ ሐሳብ ይባላል፤ ትውፊቱ ያወጣው ድሜጥሮስ ነው ይላል። ድሜጥሮስ 12ኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ሲሆን ከ189 እስከ 232 እ.ኤ.አ. በመንበሩ ተቀምጧል። ሊቃውንቱ እንደሚተርኩት ጾሙና ትንሣኤው ከተወሰነላቸው ዕለታት እንዳይፋለሱ አጥብቆ ይመኝ ነበርና 30 ሱባኤ ገባ፤ 23ቱ የሌሊት፣ 7ቱ የቀን። አንድ ሱባኤ 7 ቀን ነው። 23 በ7 ሲባዛ 161 ይሆናል፤ ለ30 ሲካፈል 11 ይተርፋል። 7 በ7 ሲባዛ 49 ይሆናል፤ ለ30 ሲካፈል 19 ይተርፋል። አበቅቴና መጥቅዕ ከዚህ ተገኙ ይላል ትውፊቱ። ታሪኩ ራሱ የሒሳብ መልመጃ ሆኖ መቀመጡን እወደዋለሁ፤ ተማሪው ገድሉን ሲያስታውስ ቁጥሩን አብሮ ያስታውሳል።

ከገድሉ ሥር ያለው የሰማይ እውነት ደግሞ ይህ ነው። ምድር ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር 365 ቀን ከሩብ ገደማ ይፈጅባታል። ጨረቃ ግን ከሙሉ እስከ ሙሉ 29 ቀን ተኩል ገደማ ስለሚወስድባት 12 የጨረቃ ወር 354 ቀን ብቻ ይሆናል። በመካከል የሚተርፈው 11 ቀን ነው፤ አበቅቴ በየዓመቱ በ11 የሚያድገው ለዚህ ነው። 19 ዓመት ሲሞላ 235 የጨረቃ ወራት ተፈጽመው ፀሐይና ጨረቃ ወደ ተነሡበት ይመለሳሉ። ይህን ዑደት ባቢሎናውያን ያውቁት ነበር፤ የአቴናው ሜቶን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 ይፋ አድርጎታል። የእስክንድርያ ክርስቲያኖች ተቀብለው ለፋሲካ አዋሉት፤ የእኛ ሊቃውንት ከእነርሱ ወርሰው እስከ ዛሬ በየዓመቱ ያወጡበታል።

ሕጸጽ የሚባለው ለየወሩ የሚደመረው ቁጥርም ከዚሁ የሰማይ እውነት የመጣ ነው። የጨረቃን ዕድሜ ለማወቅ የዓመቱን አበቅቴ፣ ዕለቱንና የወሩን ሕጸጽ መደመር ነው። ሕጸጽ ለመስከረምና ለጥቅምት 1፣ ለኅዳርና ለታኅሣሥ 2 እያለ በየሁለት ወሩ አንድ ይጨምራል። ለምን እንደሚጨምር ክፍሉን እጠይቃለሁ። ሁለት የእኛ ወር 60 ቀን፣ ሁለት የጨረቃ ወር 59 ቀን መሆኑን ራሳቸው ሲደርሱበት፣ የጨረቃን ዑደት ለፈተና በቃል መሸምደድ አያስፈልጋቸውም።

ከባሕረ ሐሳብ ሌላ መጽሐፈ ሄኖክ አለን። ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለው ክፍሉ ስለ ሰማይ ብርሃናት ነው። መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ቅጂዎችን ከኢትዮጵያ ይዞ እ.ኤ.አ. በ1773 አውሮፓ ገባ፤ ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ከቁምራን ዋሻ የአረማይክ ቁርጥራጮቹ ወጡ። ሄኖክ በምሥራቅ ስድስት በሮች፣ በምዕራብም ስድስት በሮች አሉ ይላል፤ ፀሐይ በየወራቱ ከአንዱ በር ወደ ሌላው እየተሸጋገረች ትወጣለች፣ ትገባለች። ዓመት ሙሉ በአንድ ቦታ ቆሞ የፀሐይን መውጫ ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ተማሪዎቼ ጠዋት ከቤታቸው ደጃፍ ቆመው ፀሐይ ከየትኛው ዛፍ ወይም ፎቅ ጎን እንደምትወጣ በመስከረምና በታኅሣሥ ምልክት እንዲያደርጉ አዛለሁ። የምድር ዘንግ 23 ዲግሪ ተኩል ገደማ ያዘነበለ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ሥዕል አላገኘሁም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳላሳያቸው አላልፍም። ሄኖክ ቀኑንና ሌሊቱን 18 ቦታ ይከፍልና በረጅሙ ቀን 12ቱ ክፍል ብርሃን፣ 6ቱ ጨለማ ነው ይላል። ይህ በእኛ ሰዓት ሲቆጠር 16 ሰዓት ብርሃን መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ግን ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ፣ አጭሩ ከ11 ሰዓት ተኩል ጥቂት የሚበልጥ ነው። ሁለት ለአንድ የሚለው ልክ በባቢሎን የሸክላ ጽሑፍም የሚገኝ የቆየ ልክ ነው፤ የተጻፈው ለኢትዮጵያ ሰማይ አልነበረም። ተማሪ መጽሐፍ አክብሮ ሰማዩንም ራሱ መለካት እንዳለበት በዚህ ይማራል። መጽሐፉን ጠብቀው ያቆዩልን ሰዎች ክብር በዚህ አይቀንስም።

ለመለካቱም የራሳችን ዘዴ አለን። ሰዓት ባልነበረበት ዘመን የጾም መፍቻው ሰዓት የሚታወቀው ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ የራስን ጥላ በራስ ጫማ በመለካት ነበር። ረጅም ሰው እግሩም ረጅም ስለሆነ ልኩ ለሁሉም ይቀራረባል። በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ይህን እናደርገዋለን፤ አንዱ ይቆማል፣ ሌላው የጥላውን ጫፍ በኖራ ያሰምራል፣ የቆመው ተረከዙን ከጣቱ እያገጠመ ይራመዳል። የሚገርማቸው ቀን ግን ሚያዝያ 5 ነው። በዚያ ሰሞን አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ገደማ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትቆም ጥላ እግር ሥር ይገባል። ልክ 6 ሰዓት ያልሆነው ሰዓታችን የተሞላው ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ባለው የ45 ዲግሪ መስመር ስለሆነ ነው። ከሚያዝያ 5 በኋላ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይዞራል፤ ነሐሴ 23 አካባቢ ፀሐይ እንደገና አናት ላይ ታልፍና ጥላ ወደ ሰሜን ይመለሳል። ሁለት ጊዜ ጥላ የሚጠፋው በሁለቱ ትሮፒኮች መካከል ለምንኖር ብቻ ነው። እስክንድርያ ላይ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ዞሮ አያውቅም።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ፤ ተማሪ ማንሣቱ አይቀርምና። በ2018 መስከረም 18 ላይ አበቅቴ 12፣ ዕለት 18፣ ሕጸጽ 1 ሲደመር 31 ይሆናል፤ 30 ሲነሣለት 1 ይቀራል። ሒሳቡ ጨረቃ ገና ተወለደች ይላል። ዕለቱ የመስቀል ማግስት እሑድ ስለነበር ልጆቹ ማታ ከየቤታቸው እንዲያዩ ነግሬያቸው ነበር። ሰኞ ይዘውት የመጡት ሥዕል ቀጭን ጨረቃ ሳይሆን ግማሽ ልትሆን ትንሽ የቀራት ጨረቃ ነው። ሌላም ምስክር አለ። ሰኔ 14 ቀን 2012 እሑድ ጠዋት በላሊበላ ፀሐይ የእሳት ቀለበት ሆና ታየች። የፀሐይ ግርዶሽ ጨረቃ በፀሐይና በምድር መካከል ስትገባ፣ ማለትም ወሯን ጨርሳ ስትወለድ ካልሆነ አይደርስም። የ2012 አበቅቴ 6፣ ዕለቱ 14፣ የሰኔ ሕጸጽ 5፤ ድምሩ 25። ሒሳቡ 25 ሲል ጨረቃ ግን ፀሐይ ፊት ቆማ ነበር። ልዩነቱ በሁለቱም አምስት ቀን ገደማ ነው።

ምክንያቱ ጥርት ያለ ነው። 19 ዓመት እያንዳንዱ 365 ቀን ከሩብ ተብሎ ሲቆጠር 6939.75 ቀን ይሆናል፤ 235 የጨረቃ ወር ግን 6939.69 ቀን ገደማ ነው። በ19 ዓመት የሚሳሳተው አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ፣ በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን። በየቀኑ ጥቂት የሚጎትት የግድግዳ ሰዓት ሳይሞላ ሲቆይ እንደሚሆነው፣ ከ1,500 ዓመት በላይ ተጠራቅሞ እዚህ ደረሰ። የሮም ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1582 ቀመሩን አሻሽላ 10 ቀን ዘለለች፤ የእኛዋ በጥንቱ ጸናች። በዓልን ሁሉም በአንድ ቀን እንዲያከብር የተስማሙበት ቀመር አንድ ነገር ነው፣ የሰማይ ምልከታ ሌላ። ክፍል ውስጥ ሁለቱን ማደባለቅም፣ አንዱን ለማስከበር ሌላውን መደበቅም ትክክል አይመስለኝም። በጣት አንጓ የሚያዝ ቀመር ከ1,500 ዓመት በኋላ የሳተው በአምስት ቀን ብቻ መሆኑ በእኔ ዐይን ታላቅነቱ ነው።

ይህን ሀብት ከእኛ ይልቅ የውጭ ሰዎች በቁም ነገር ይዘውት ቆይተዋል። የጥንት ሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቁ ኦቶ ኖይገባወር እ.ኤ.አ. በ1979 በቪየና አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፎበታል፤ የጥንቱ የእስክንድርያ ቀመር በግእዝ መጻሕፍት ውስጥ ተጠብቆ መገኘቱን ያሳየው እርሱ ነው። ከእኛም ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ «ባሕረ ሐሳብ» በሚል ርእስ ለአማርኛ አንባቢ አቅርበውታል። እንጦጦ ጋራ ላይ ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ተወንጭፋለች። በእነዚህ እኮራለሁ። ነገር ግን አብዛኛው የአገራችን ተማሪ እንጦጦን አያይም፤ ጥላውንና ጨረቃን ግን ሁሉም ያያል።

ስለዚህ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሳይንስ ለምታስተምሩ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። 7519ን ለ19 አካፍሉና የ2019ን መጥቅዕ ከልጆቹ ጋር አውጡ፤ 7 ይወጣል። ከ14 ስለሚያንስ በጥቅምት ይውላል፤ ጥቅምት 7 ቅዳሜ። በዚያ ምሽት፣ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ተማሪዎቻችሁ ጨረቃን አይተው ያዩትን በደብተራቸው ይሣሉ፤ ሰኞ ጠዋት ሥዕሉንና ሒሳቡን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ እነርሱ ራሳቸው እንዲያስረዱ ጠይቋቸው።