ከነጃሺ ችሎት ማግስት፦ የጃዕፈርና የአስማእ ቤተሰብ በሐበሻ ምድር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

የጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብን (ረ.ዐ) ታሪክ የማያውቅ የመድረሳ ልጅ የለም። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብደላህ ኢብን አቢ ረቢዓን የቆዳ ስጦታ አስይዘው ወደ ነጃሺ ላኩ። ጃዕፈር ተነስቶ ስለ ዲኑ ተናገረ፣ ከሱረቱ መርየም ቀራ፣ ንጉሡ አለቀሰ፣ ስደተኞቹንም አሳልፌ አልሰጥም አለ። ብዙዎቻችን ታሪኩን ስንናገር እዚህ ላይ እናቆማለን።

በማግስቱስ? ጃዕፈርና ባለቤቱ አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) የዚያን ዕለት ንግግር አድርገው አልተመለሱም። የሐበሻ ሂጅራ የተጀመረው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በተላኩ በ5ኛው ዓመት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ615 ገደማ ነው። እነርሱ ወደ መዲና የመጡት ደግሞ በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በ628 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ማለት ነው። ይህን ያህል ዕድሜ በችሎት ፊት አያልፍም፤ በጓዳ፣ በገበያ፣ በአራስ ቤትና በለቅሶ ነው የሚያልፈው። እስልምናን በዚህ ምድር የወከለው አንድ ንግግር ብቻ ሳይሆን፣ ቤት ይዞ የኖረ ቤተሰብም ነበር።

ብቻቸውንም አልነበሩም። የሲራ ጸሐፊዎች ወደ ሐበሻ የተሰደዱትን ከ80 በላይ ወንዶችና 18 ያህል ሴቶች አድርገው ይቆጥሯቸዋል። ከእነርሱ ብዙዎቹ ቀድመው ቢመለሱም፣ ጃዕፈር ከቀሩት ጋር ቆየ። ዐብደላህ፣ ሙሐመድና ዐውን የተባሉት ሦስቱ ልጆቹ የተወለዱት እዚሁ ነው። ለእነዚህ ልጆች መካ በወላጆቻቸው ወሬ የሚያውቋት አገር ነበረች።

ልጅ ባለበት ቤት ደግሞ የአገሩ ቋንቋ መግባቱ አይቀርም። የኻሊድ ኢብን ሰዒድ ልጅ ኡሙ ኻሊድም የሐበሻ ስደተኞች ልጅ ናት። ቡኻሪ እንደዘገቡት፣ ገና ትንሽ ልጅ ሳለች ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥለት ያለው ልብስ በእጃቸው አለበሷትና ጥለቱን እያሳዩ «ሰና» አሏት። በሐበሾች ቋንቋ «ያምራል» ማለት ነው። በግእዝ «ሠናይ» የሚለውን ቃል ለምናውቅ ለእኛ ትርጉሙ ሩቅ አይደለም። ነቢያችን ይህችን ከስደት የመጣች ልጅ ያስደሰቷት ባደገችበት አገር ቃል ነው።

አስማእም ከጎረቤቶቿ የተማረችው ነገር ነበር። በዚያ ዘመን በዐረቦች ዘንድ የሴት ጀናዛ በጨርቅ ተሸፍኖ ሲወጣ የሰውነቷ ቅርጽ ይታይ ነበር። የነቢዩ ልጅ ፋጢማ (ረ.ዐ) ይህን እንደማትወድ ስትነግራት፣ አስማእ በሐበሻ ያየችውን አሳየቻት። እርጥብ የዘንባባ ዝንጣፊዎችን አጎበጠች፣ በላያቸውም ጨርቅ ዘረጋች። ፋጢማም ወደደችው፤ በ11ኛው ዓመተ ሂጅራ ስታልፍም በዚያው መልክ እንደተሸኘች ተዘግቧል።

በአንጻሩ ኡሙ ሰለማና ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ) በሐበሻ ያዩትን ቤተ ክርስቲያንና በውስጡ ያሉትን ሥዕሎች ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲነግሯቸው፣ በደጋግ ሰዎች መቃብር ላይ የአምልኮ ቤት መሥራትንና ሥዕል ማኖርን ነቅፈዋል። እንግዲህ ሁለቱን አብረን እንያቸው። ከዲን ጋር የማይጋጨውን መልካም ልማድ ተቀበሉ፣ የሚጋጨውን ተዉ። ጎረቤታቸውን ግን አልሰደቡም። እንዲያውም ኡሙ ሰለማ ስለዚያ ዘመን ስትናገር የጎረቤቶቹን መልካምነት አመስግናለች።

ኑሮው ግን ቀላል ነበር አንልም። በነጃሺ ላይ ተቀናቃኝ በተነሳ ጊዜ ስደተኞቹ በጭንቀት ዱዓ አደረጉ። ወጣቱ ዙበይር (ረ.ዐ) የተነፋ ስልቻ ደረቱ ላይ አስሮ ወንዝ እየዋኘ ተሻገረና የጦርነቱን ወሬ አመጣላቸው። የሲራ ዘገባዎች እንደሚሉት የኡሙ ሐቢባ ባል ዑበይደላህ ኢብን ጀሕሽ እምነቱን ቀይሮ እዚያው ሞተ። እርሷም በባዕድ አገር ልጇን ይዛ ብቻዋን ቀረች፣ ዲኗንም አልለቀቀችም። ኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲያጯት ነጃሺ በእርሳቸው ስም መህሯን ከፈለላት፤ በአንዱ ዘገባ 4,000 ዲርሃም ነው።

ወደ መዲና ሲመለሱም የስደቱ ቁስል አብሯቸው ገባ። ዑመር (ረ.ዐ) ልጃቸው ሐፍሷ ዘንድ አስማእን አገኟትና «ሐበሻዊቷ ናት? የባሕሯ ናት?» ብለው ጠየቁ። ቀጥለውም በሂጅራ እኛ ቀደምናችሁ፣ ለአላህ መልእክተኛም እኛ የተሻለ ቅርብ ነን አሉ። አስማእ ተቆጣች። እናንተ ከእርሳቸው ጋር ሆናችሁ ረሃብተኛችሁ ሲበላ፣ ያላወቀው ሲማር፣ እኛ በሩቅ አገር በስጋት ኖርን ስትል መለሰች። ለነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ነገረቻቸው። እርሳቸውም ለእነ ዑመር አንድ ሂጅራ፣ ለእናንተ ለመርከቧ ሰዎች ግን ሁለት ሂጅራ አላችሁ ብለው አጽናኗት። ከመርከቡ ሰዎች በርካቶች ይህን ቃል ለመስማት በቡድን በቡድን ወደ እርሷ ይመጡ ነበር። ያ ሁሉ ዓመት እንዳልባከነ ከአንደበታቸው መስማት ምን ያህል እንዳስፈለጋቸው ከዚህ እንረዳለን።

ጃዕፈር ብዙም አልቆየም፤ በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ በሙእታ ዘመቻ ሸሂድ ሆነ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለጃዕፈር ቤተሰብ ምግብ ሥሩላቸው፣ ኀዘን ይዟቸዋልና ብለው አዘዙ። ዛሬ ለቅሶ ቤት ምግብ ይዘን ስንሄድ የምንከተለው ፈለግ ይህ ነው።

ከመካከላችን እህቱ ወይም ወንድሙ በዐረብ አገር ያልሆነ ጥቂት ነው። እዚህም በአንድ ግቢ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር እንኖራለን። እንግዲህ ከስደት የተመለሰችን እህት በአነጋገሯና በአለባበሷ ከማሾፍ በፊት፣ የኡሙ ኻሊድን ልብስና የአስማእን ቁጣ እናስታውስ። የጎረቤታችንን ልማድ ስናይም የምንቀበለውንና የምንተወውን በዕውቀት እንለይ፤ ለዚህ ደግሞ ዲናችንን መማር አለብን። በችሎት ፊት እንድንናገር የሚጠራን ንጉሥ ላይኖር ይችላል። ጎረቤት ግን በየቀኑ ያየናል።

አላህ በሩቅ አገር ያሉትን ይጠብቅልን፣ የተመለሱትንም በክብር የምንቀበል ያድርገን። አሚን።