ወረርሽኝና የቀይ ባሕር ጥበቃ

ስለ ባሕር ጥበቃ ሲነገር በአሳባችን ቀድሞ የሚመጣው የጦር መርከብና መድፍ ነው። ይሁን እንጂ የቀይ ባሕርን ታሪክ የመረመረ ሰው፣ የጥበቃውን ሥርዓት ከለወጡት ምክንያቶች አንዱ ተላላፊ በሽታ መሆኑን ይረዳል። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1865 ኮሌራ በመካ በተሰበሰቡት ሐጃጆች መካከል ገብቶ ብዙ ሺሕ ሰው ፈጀ። ከተረፉትም ብዙዎቹ በእንፋሎት መርከብ ወደ ስዊዝ፣ ከዚያም በባቡር ወደ እስክንድርያ ሲመለሱ በሽታው አብሯቸው ተጉዞ በጥቂት ወራት ውስጥ የሜዲትራኒያንን ወደቦች አዳረሰ። በአገራችንም በ1866 በጣና ዳር በቆራጣ የሰፈረውን የዐፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት ኮሌራ ስለ መታው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሰፈሩን ለማንሣት ተገደዱ።

በዚያው ዓመት የመንግሥታት መልእክተኞች በቁስጥንጥንያ ተሰብስበው መከሩ። ነገር ግን አሳባቸው አንድ አልነበረም፤ ከፊሎቹ መርከቦች በጥብቅ እንዲመረመሩ ሲሹ፣ እንግሊዝ ንግዷ እንዳይጓተትባት ትሠጋ ነበር። የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ ወዲያ ክርክሩ በረታ፤ በቦዩ ስለሚያልፉት መርከቦችም በቬኒስ ስምምነት የተፈረመው በ1892 ነው።

በዚህ መካከል የኦቶማን መንግሥት በ1882 በየመን ዳርቻ በምትገኘው በካማራን ደሴት የኳራንቲን ጣቢያ አቋቋመ። ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል የሚመጡት ሐጃጆች በዚያ እየወረዱ ይቆዩ፣ ለቆይታቸውም ገንዘብ ይከፍሉ ነበር። እንግሊዝ በ1915 ደሴቲቱን በጦርነት ከያዘች በኋላ እስከ 1967 አለቀቀችም። ለጤና የቆመ ዘብ የሥልጣንም ዘብ ሆነ ማለት ነው።

በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ደግሞ በሽታው ጠባቂውን ራሱን እንደሚያደክም ታየ። ቴዎዶር ሩዝቬልት በተባለው የአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ ከ1,000 በላይ መርከበኞች ስለ ታመሙ መርከቡ በጉዋም ወደብ ለመቆም ተገደደ። በዓመቱ መጨረሻም 400,000 ያህል የንግድ መርከበኞች የሥራ ጊዜያቸው አልቆ ሳለ ወደ አገራቸው መመለስ አልቻሉም ነበር።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። በድንጋጤ የተሠራ ሥርዓት በሽታው ካለፈ በኋላም ይኖራል፤ የሚጠቀምበትም ብርቱው ነው። ስለዚህ የቀይ ባሕር አካባቢ መንግሥታት፣ መርከብን የሚመረምረው ማን እንደ ሆነ፣ በሽተኛው የት እንደሚወርድ፣ ቁጥጥሩም መቼ እንደሚያበቃ አስቀድመው ሊስማሙ ይገባል። አብዛኛው ንግዷ በጂቡቲ በኩል ለሚያልፍ ለኢትዮጵያም ይህ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና።