ሳንዱቅና ዕቁብ፦ የማኖር ስሞች ለሚዘዋወር ገንዘብ

ዓረብኛው «ሰንዱቅ» ወደ አማርኛ ሲገባ «ሳንዱቅ» ሆኖ ዕቃ የሚቀመጥበት ሣጥን የሚለውን ፍች ብቻ ይዞ ቀርቷል። በካርቱም ግን ቃሉ ከሣጥንነት አልፎ፣ ሰዎች በየጊዜው እኩል እያዋጡ ድምሩን በየተራ የሚወስዱበትን ማኅበር ይሰይማል፤ የኛው ዕቁብ መሆኑ ነው። ፋርናም ሬፍሽ በ1972 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናቱ ይህን ማኅበር «ሦስቱ ከተሞች» በሚባሉት በካርቱም፣ በሰሜን ካርቱምና በኦምዱርማን መርምሮታል።

ሁለቱም ስሞች ከማኖር የተወሰዱ ናቸው። ሰንዱቅ ማኖሪያ ነው፤ ዕቁብም «ዐቃቤ ሕግ» በሚለው ውስጥ ከምናገኘው ከግእዙ «ዐቀበ»፣ ማለት «ጠበቀ»፣ የወጣ ነው። ይሁን እንጂ ገንዘቡ በአንዱም ውስጥ አያድርም፤ በተሰበሰበበት ዕለት ለባለተራው ይሰጣል።

የአሠራሩን ጠባይ የሚገልጡት ከስሞቹ ይልቅ ግሦቹ ናቸው። ሱዳኖች ማኅበሩን «ኸታ» ሲሉም ይጠሩታል፤ በአገሩ ዓረብኛ ማስቀመጥን ከሚያመለክተው ግሥ የተገኘ ነው። አማርኛም ዕቁብ «ይጣላል» ይላል፤ ተራው የደረሰው ሰው ደግሞ «ወጣልኝ» ይላል። ስሙ የቀድሞውን ፍች ሲጠብቅ፣ ግሡ የገንዘቡን ጉዞ ይከተላል።

ዐሥር ሰዎች በየወሩ 100 ፓውንድ ቢጥሉ፣ መጀመሪያ የሚወስደው 1,000 ይቀበላል፤ ከዚህም ውስጥ 900ው ዕዳ ነው። መጨረሻ የሚወስደው ደግሞ እስከ ተራው ድረስ 900 አበድሯል። ስለዚህ አንዱ ቃል ለፊተኛው ብድር፣ ለኋለኛው ቁጠባ ነው። ፍቹን የሚወስነው ተራው ሲሆን፣ ተራው ራሱ የሚለዋወጥ ነው። በሱዳን ተራው በስምምነት ስለሚያዝ ሠርግ ወይም ሕመም ያለበት ሰው ሊቀድም ይችላል፤ በዕቁብ ዕጣ ቢወጣም ባለዕጣው ለተቸገረ ሊለቅ ይችላል። ሻይ በመሸጥና በቤት ሠራተኝነት ለሚተዳደሩ፣ ለባንክ የሚያስይዙት ንብረት ለሌላቸው የካርቱም ኢትዮጵያውያን ይህ ልስላሴ ትልቅ ነገር ነው።

ልስላሴው ግን በሰዎች አብሮ መኖር ላይ የቆመ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ የከተማው ሕዝብ ተበተነ። እንዲህ ባለ ጊዜ ያልተዘጋ ዙር ሲቋረጥ ቀድሞ የወሰደው ዕዳውን ይዞ ይቀራል፤ ያልደረሰው አበዳሪነቱን ያን ጊዜ ይረዳል። ዕቁብን «የቁጠባ ማኅበር» ብሎ የሚያልፍ መዝገበ ቃላት ይህን ዕዳ ይሰውረዋል። የቃሉ ፍች ተራንም ሊያካትት ይገባል።