ጓያና ቢጫው ቀለም
ገነተ ማርያም፣ አያቴ ቤት፣ የጓያ ሽሮ ይበላል፤ የጓያ ቆሎና ንፍሮ ግን ክልክል ነው። ልጅ ሳለሁ «ለምን?» ስላት «ይሰብራል» ትለኛለች፣ በቃ። ማብራሪያው ጎረቤታችን ነበሩ፤ በሁለት ምርኩዝ፣ ጉልበታቸው እየተጋጨ፣ በእግር ጣታቸው የሚራመዱ ሰው።

ከላስታ በስተደቡብ፣ ከመቄት ማዶ፣ ደላንታና ዳውንት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ጓያ ብዙ ሰው ሰብሯል፤ በተለይ ወጣቶችን። ድርቁንም ውሃ የተኛበትን መሬትም ስለሚችል ሌላው እህል ሲከዳ እሱ ይቀራል። ለወራት እሱን ብቻ መብላት ነው መዘዙ።

መርዙ ኦዳፕ የሚባል አሚኖ አሲድ ነው፤ ህንዳውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1964 ለይተው አወጡት። ችግሩ፣ ኦዳፕ ሁለት ነው፦ አልፋና ቤታ። አቶሞቻቸው እኩል፣ ክብደታቸውም እኩል። የሚለዩት ኦክሳሊል የምትባል ቁራጭ ከሁለቱ ናይትሮጅኖች በየትኛው ላይ እንደተንጠለጠለች ብቻ ነው። የሚሰብረው ቤታ ነው፤ አልፋ መርዝነቱ በጣም ያነሰ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1978 ራኦ ያወጣው ምርመራ ርካሽና ቀላል ነው። የጓያው ጭማቂ ከፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ይፈላል፣ ኦፒኤ የሚባል ኬሚካል ይጨመርበታል፣ ቢጫ ይሆናል። ቢጫው በደመቀ ቁጥር ኦዳፑ በዝቷል ማለት ነው። ግን ማፍላቱ ያችን ቁራጭ ከሁለቱም ላይ ይገነጥላታል። ልዩነቱ እኮ እሷው ነበረች! እኛ ኮድ ጸሐፊዎች ሁለት የተለያዩ ግብዓቶች አንድ ውጤት ሲሰጡን እንቅልፍ አይወስደንም።

ነገሩ የሚከብደው ምግብ ሲበስል ነው። ቤታ በውሃ ሲሞቅ ከፊሉ፣ እስከ 40 በመቶ ገደማ፣ ወደ አልፋ ይዞራል። ይህን የሙቀት ለውጥ ብርሃኑ አበጋዝ ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1993 አሳትመዋል። ቢጫው ቀለም ግን ንፍሮውን አይቶ «ምንም አልተለወጠም» ይላል። (ንፍሮ ደህና ነው ማለቴ አይደለም፤ የቀረው ቤታ ይበቃል። ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቹ ደላንታ ዳውንት ላይ ባደረጉት ጥናት ቆሎው፣ ንፍሮውና እሸቱ አደጋውን ከፍ እንደሚያደርጉ አግኝተዋል። አያቴ ቀድማቸዋለች።)

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እነግርማ ሞገስ ሌላ መንገድ ሄዱ፦ ግሉታሜት ኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም። ኢንዛይሙ የሚነካው የተወሰነ ቦታ ላይ ያለው ናይትሮጅን ነጻ ከሆነ ነው። በቤታ ነጻ ነው፤ በአልፋ ቁራጯ ይዛዋለች። ጣጣው፣ ጓያ ውስጥ ያለውን ግሉታሜትም ስለሚነካ መጀመሪያ እሱን ማስወገድ ያስፈልጋል።

ባለፈው ፋሲካ ይህን ሁሉ ለአያቴ አወራሁላት። ሰምታ ሰምታ፣ «ታዲያ ማሽኑ ለገበያ ቀን ይመጣል?» አለችኝ።