ሞትን ማሰብ በሼክ ሁሴን መንገድ

ሞትን የሚያሰላስል ግጥም ሲነሣ ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ አስቀድሞ ትዝ የሚለው ቅኔና እንጉርጉሮ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ከባሌ ሌላ ምሳሌ ማቅረብ ነው።

ከጎባና ከሮቤ በኩል የሚመጡ ተሳላሚዎች ጊኒርን አልፈው ወደ አናጂና ይወርዳሉ፤ በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መካከል እንደ ኖሩ ወደሚነገርላቸው ወደ ሼክ ሁሴን መቃብር ማለት ነው። መካ ለመሄድ አቅም ላነሰው ሽማግሌ ይህ ጉዞ መጽናኛ ሆኖ ኖሯል። ጫፉ ባላ የሆነ በትር ይዞ፣ ባህሮ የተባለውን የኦሮምኛ ውዳሴ እያዜመ ይጓዛል። ሲደርስም ዝቅ ባለው በር ጎንበስ ብሎ ይገባል። በሼኩ መቃብር ፊት የራሱን ፍጻሜ ያስባል፤ ምልጃም ይለምናል።

አንድርዜየቭስኪ በ1972 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳመለከተው የውዳሴዎቹ ቋንቋ በተዘዋዋሪ ጠቀሳ የተሞላ ነው። የሼኩን ገድል የማያውቅ ሰው ዜማውን እንጂ ምስጢሩን አይሰማም። ምስጢሩን ጠብቆ የያዘው ደግሞ ለሞት የሚሰናዳው አረጋዊ ራሱ ነው። ስለዚህ ቃሉን ከነፍቺው፣ ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ መቅዳት ለነገ የማይባል ሥራ ነው።