«ጥቁር ሰው»፦ የፍቅር ዘፋኙን የታሪክ ተራኪ ያደረገው አልበም

ንፋስ መውጫ፦ ሚያዝያ 6 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዋዜማ ለአድማጭ የቀረበው «ጥቁር ሰው» የድምፃዊ ቴዎድሮስ ካሳሁን (ቴዲ አፍሮ) ሥራ ነው። አልበሙ ስሙን ያገኘው ስለ ዐፄ ምኒልክና ስለ ዓድዋ ድል ከተዘፈነው ሙዚቃ ሲሆን፣ ድምፃዊው በአድማጩ ዘንድ የነበረው ገጽታ ጎልቶ የተለወጠበት ሥራ ተደርጎ ይቆጠራል። ከዚያ በፊት በይበልጥ በፍቅርና በሬጌ ዜማዎች የሚታወቀው ወጣት ከዚያ በኋላ ስሙ ከነገሥታት ስም፣ ከሰንደቅ ዓላማና ከታሪክ ክርክር ጋር አብሮ የሚነሣ ሰው ሆኗል።

ቴዎድሮስ የተወለደው አዲስ አበባ ነው። ያደገውም ከሙዚቃና ከመድረክ ሥራ ሩቅ ባልሆነ ቤተሰብ ውስጥ ነው። በ1993 ዓ.ም. ያወጣው «አቡጊዳ» በአንድ ጊዜ ታዋቂ አደረገው። አልበሙ የተሰየመበት አቡጊዳ የቆሎ ተማሪ ከሀሁ ቀጥሎ የሚማረው የፊደል ቅደም ተከተል ነው፤ ለጀማሪ ዘፋኝ ተስማሚ ስም ነበር። በዚያው አልበም ውስጥ ስለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘፈነው ሬጌ መኖሩ ሲታይ የታሪክ ዝንባሌው በ2004 ዓ.ም. ድንገት የበቀለ አይደለም። ይሁን እንጂ በዚያን ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ዘፈኑ የገቡት በጃማይካ በኩል ዞረው፣ በራስ ተፈሪያውያን ምት ታጅበው ነው ማለት ይቻላል።

በ1997 ዓ.ም. «ያስተሠርያል» ተከተለ። የመንግሥት ለውጥንና ይቅርታን የሚያነሣው የአልበሙ መጠሪያ ዘፈን ከዚያ ዓመት ምርጫ ጋር በመገጣጠሙ የፖለቲካ ትርጉም ተሰጠው። ከዚያም ድምፃዊው በመኪና አደጋ ተከሶ፣ ክሱን ቢያስተባብልም ተፈርዶበት፣ ከሚያዝያ 2000 እስከ ነሐሴ 2001 ዓ.ም. በእስር ቆየ። ስለዚህ «ጥቁር ሰው» ከእስር በኋላ ምን ይዞ ይመጣል ተብሎ ሲጠበቅ የነበረ ሥራ ነው። ብዙዎች ስለ ራሱ ይዘፍናል ብለው ጠብቀው ነበር። ይዞ የመጣው ግን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.ን፣ የዓድዋን ዕለት ነው።

በእርግጥ አልበሙ በሙሉ ስለ ጦርነት አይደለም። «ስለ ፍቅር» የሃይማኖትና የአካባቢ ልዩነት ያላገደውን አብሮነት ያነሣል፤ «ፊዮሪና» ደግሞ ኤርትራዊት ወጣትን የሚያስታውስ የፍቅር ዘፈን ነው። እነዚህ የቀድሞው ቴዲ አፍሮ ልጆች ናቸው። የአልበሙን ዕጣ የወሰነው ግን መጠሪያው ዘፈንና የምስል ቅንብሩ ነው። በምስሉ ላይ የዘመቻ ነጋሪት፣ ጋሻና ጦር፣ የንጉሡና የእቴጌይቱ ጉዞ ይታያል። ንጉሡን «ጥቁር ሰው» ብሎ መጥራቱም ድሉን ከአንድ አገር ታሪክነት አውጥቶ የጥቁር ሕዝብ ሁሉ ያደርገዋል። በኦሮምኛ የተዘፈኑ ስንኞች መግባታቸውም ዘማቹ ከየአቅጣጫው የመጣ መሆኑን ለመናገር ታስቦ ይመስላል።

ዓድዋን በዘመናዊ ሙዚቃ በማንሣት ቴዲ አፍሮ የመጀመሪያው አይደለም። የቻግኒዋ ተወላጅ እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) ከእርሱ አሥር ዓመት ገደማ ቀድማ በውጭ አገር ባሳተመችው አልበም ውስጥ «ዓድዋ»ን ተጫውታለች። ልዩነታቸው በስሜቱ ነው። የጂጂ ዘፈን ስለ ሞቱላት ሰዎች የሚቀርብ ምስጋና ነው፤ ልቅሶም አለበት። የቴዲ አፍሮ ዘፈን ግን ሰው ተነሥቶ እንዲከተለው የሚጠራ የክተት አዋጅ ነው። በሥነ ውበት ሚዛን የጂጂ ይበልጥ ረቂቅ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ሕዝብን በአደባባይ ያንቀሳቀሰው ግን ሁለተኛው ነው።

የድምፁ ምንጭ ከከተማ ውጭ ነው። ቀረርቶ፣ ሽለላና ፉከራ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ገጠሮች ዛሬም የሚሰሙ ናቸው። ቀረርቶ በረጅሙ እየተሳበ የሚዜም ነው፤ ሽለላም ልብን ለማነሣሣት በዜማ ይወርዳል፤ ፉከራ ደግሞ «ዘራፍ» ተብሎ ሳይዜም ስንኙ በፍጥነት የሚወረወርበት ነው። እነዚህ ከጦር ሜዳ ይልቅ የሚዘወተሩት በሠርግ፣ በጥምቀትና በደቦ አጨዳ ላይ ነው። ገብስ በሚታጨድበት ወቅት አንዱ ሲሸልል ሌላው ማጭዱን ያፈጥናል። ሥራውን የሚያቀለው ግጥሙ ነው ብሎ የሚምል ገበሬ ብዙ ነው። አንዳንድ የከተማ ዘፋኞች ይህን ስልት ለማድመቂያ ያህል ጣል ያደርጉት ነበር፤ «ጥቁር ሰው» ግን የዘፈኑ አከርካሪ አደረገው። በዚህም የተነሣ ለገጠሩ አድማጭ የአዲስ አበባው ወጣት አዲስ ገጽታ እንግዳ አልሆነበትም፤ የአያቱን ድምፅ በኦርኬስትራ ታጅቦ ሰማው።

ዘፈኑ ወደ ገጠር የገባበት መንገድም ሊጠቀስ ይገባዋል። ሲዲ ማጫወቻ የሌለው ወጣት ገበያ ሲወጣ ሙዚቃ ከሚጭኑ ሱቆች የሞባይል ሚሞሪውን አስሞልቶ ይመለስ ነበር። አውቶቡስና ሚኒባስም የራሳቸውን ድርሻ ተወጥተዋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው ከ«ጥቁር ሰው» ስምንት ዓመት ቀድሞ ቢሆንም፣ በሚሞሪ ከተጫነው ሙዚቃ ለደራሲውና ለድምፃዊው የደረሰ ሳንቲም የለም። እንዲህ ያለው ስርጭት ገጽታን በሰፊው ያስተዋውቃል፤ ኪስን ግን አይሞላም።

ገጽታን መለወጥ ዋጋ እንደሚያስከፍል የሙዚቃ ታሪክ ደጋግሞ አሳይቷል። አሜሪካዊው ቦብ ዲላን በ1957 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በኒውፖርት የባህል ሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ሲወጣ ከታዳሚው መካከል የጮኹበት ነበሩ። ቴዲ አፍሮን የገጠመው ተቃውሞ ግን ከሙዚቃ ስልት ጋር የሚያያዝ አልነበረም። ስለ ፍቅር የዘፈነ ሰው ተቃዋሚ አይኖረውም፤ ስለ ንጉሥ የዘፈነ ግን ንጉሡን በሌላ መልክ የሚያስታውሱትን ሁሉ ከፊቱ ያገኛል። ዐፄ ምኒልክ ለአንዱ የዓድዋ ድል አባት ናቸው። ለሌላው ደግሞ በደቡብና በኦሮሞ ምድር የተካሄደው ዘመቻ መሪ ናቸው፤ የዚያ ዘመቻ ቁስል በቤተሰብ ትውስታ ውስጥ ዛሬም አለ።

ይህ ልዩነት በ2006 ዓ.ም. በግልጽ ወጣ። ስለ ምኒልክ ዘመቻ ተናገረው ተብሎ በስሙ የወጣ ቃል ቁጣ ቀሰቀሰ። ድምፃዊው ቃሉ የእርሱ አለመሆኑን ቢገልጽም፣ በማኅበራዊ ድረ ገጾች በተካሄደ የአትጠጡ ዘመቻ ምክንያት በደሌ ቢራ «ወደ ፍቅር ጉዞ» ለተባለው የኮንሰርት ዝግጅት ሊሰጥ የነበረውን ድጋፍ አነሣ። የጉዞው ስም ፍቅር ሆኖ ሳለ ያስቀረው የታሪክ ጠብ መሆኑ ልብ ይሏል። ተቃዋሚዎቹን ሁሉ የኪነ ጥበብ ጠላት አድርጎ ማየት ግን ቀላሉ መንገድ ነው። ዘፈን አንድን ሰው ጀግና ሲያደርግ ለማመዛዘን ጊዜ የለውም፤ አራት አምስት ደቂቃ ብቻ ነው ያለው። በዚያ ውስጥ ያልተነገረለት ወገን ቅር መሰኘቱ የሚጠበቅ ነው።

ድምፃዊው ከመንገዱ አልተመለሰም። ሚያዝያ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ» የተሰኘውን አልበም አወጣ። አልበሙ በቢልቦርድ የዓለም ሙዚቃ አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ይሁን እንጂ በዓመቱ መጨረሻ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ሊካሄድ የነበረው የአልበሙ ዝግጅት በፖሊስ ተከልክሎ ቀረ። ከወራት በኋላ፣ በጥር 2010 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ሰሞን በባሕር ዳር ስታዲየም ያቀረበው ኮንሰርት ደግሞ እጅግ ብዙ ሕዝብ ተገኘበት። አዲሱ ገጽታው በአማራ ክልል ምን ያህል ሥር እንደሰደደ የታየው ያኔ ነው።

በዚህ አልበም ውስጥ ለገጠር ሰው ልብ የቀረበው «ማር እስከ ጧፍ» ነው። ዘፈኑ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለድ መሠረት ያደረገና የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር የሚያስታውስ ነው። የርእሱን ምሥጢር ንብ አናቢ ቶሎ ያገኘዋል። ከአንድ እንጀራ ማሩም ሰሙም ይወጣል። ማሩ ለጠጅ ቤት፣ ለሠርግና ለድግስ ይሆናል፤ ሰሙ ተነጥሮ፣ በፈትል ላይ ተጠቅልሎ ጧፍ ይሆንና በቤተ ክርስቲያን ይነድዳል። ጣፋጩና ነድዶ የሚያልቀው ከአንድ ቀፎ መውጣታቸውን አንድ ርእስ ይዞታል። ድምፃዊው ታሪክን ከጦር ሜዳ ይልቅ ከእንዲህ ያለ ቦታ ሲቀዳ ይበልጥ የሚያምርበት ይመስላል።

ለጋይንት አንባቢ ግን የአልበሙ ከባድ ጥያቄ ያለው «አፄ ቴዎድሮስ» በተሰኘው ዘፈን ውስጥ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ሕይወት ከዚህ ቀደም በብርሃኑ ዘርይሁን «የቴዎድሮስ እንባ»፣ በአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» እና በተውኔቶች ተደጋግሞ ተነግሯል። ቴዲ አፍሮም የዚያ ረጅም ሰልፍ ተከታይ ነው፤ በሁሉም ዘንድ ጎልቶ የሚታየው ባለ ራእዩና እጅ አልሰጥም ያሉት ንጉሥ ናቸው። ይህ እውነት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አሳልፈዋል። «ጥቁር ሰው» ለገበያ የቀረበበት ዕለትም ያው ሚያዝያ 6 መሆኑ ግጥምጥሞሽ ነው።

ከዚያ ሞት ስድስት ወር ገደማ ቀደም ብሎ የተጀመረው ጉዞ ደግሞ የዚህ አካባቢ ታሪክ ነው። በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት በአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችና በአገሬው ሠራተኞች የተሠራው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ወደ 7 ቶን ይመዝናል ይባላል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መባቻ፣ ክረምቱ እንደ ወጣ፣ ደብረ ታቦርን አቃጥለው በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ተነሡ። መንገድ ስላልነበረ መንገዱ እየተጠረገ፣ ድንጋይ እየተፈነቀለ፣ መድፉ በሰው ጉልበት እየተጎተተ በጨጨሆ አልፎ፣ የዋድላንና የደላንታን ገደል ተሻግሮ፣ በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሰ። ዛሬ ከወረታ ተነሥቶ በንፋስ መውጫና በጨጨሆ በኩል ወደ ወልድያ የሚሄደው አውራ ጎዳና በብዙ ቦታ ከዚያ መሥመር ብዙም አይርቅም። የጭነት መኪና ጨጨሆ ላይ ማርሽ ሲቀንስ የሰማ ሰው በጠፍር የጎተቱትን ሰዎች ማሰቡ አይቀርም።

ታዲያ ያ ጉዞ የጀግንነት ብቻ አልነበረም። በዘመነ መንግሥታቸው መጨረሻ የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ስንቁን ያገኝ የነበረው ከበጌምድር ገበሬ ጎተራ ነው። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ከነአብያተ ክርስቲያናቷ ተዘርፋ ተቃጥላለች፤ ገበሬውም በብዙ ቦታ ሸፍቷል። እህሉን የተዘረፈው፣ በሬው የታረደበትና ጎጆው የነደደበት ሰው የልጅ ልጆች ዛሬ በዚያው ማሳ ላይ ገብስና ድንች ያመርታሉ፤ ማታ ማታም በሞባይል «አፄ ቴዎድሮስ»ን ያዳምጣሉ። ለምኒልክ ዘፈን በሌላ አካባቢ የተነሣው ቅሬታ ለቴዎድሮስ ዘፈን እዚህ አልተነሣም። ለዚህ አንዱ ምክንያት ልቅሶውና ውዳሴው በአንድ አፍ መኖራቸው ሊሆን ይችላል፤ የአካባቢው አዝማሪ ንጉሡን ያወድሳል፣ ስለ ተቃጠለው አገርም ያንጎራጉራል። ከአዝማሪው ሁለት ድምፅ ወደ አልበም የተሻገረው አንደኛው ነው። መድፉን ስለ ጎተቱት፣ ስንቁንም ስላቀረቡት ገበሬዎች የተዘፈነ፣ በዚያው ስፋት የተሰማ ዘመናዊ ዘፈን እስካሁን የለም። ሴባስቶፖል ራሱ ግን ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ ተቀምጧል፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሚታየው አምሳያው ነው።