መንጠቆና መረብ፤ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ጠረፍ የዓሣ አጥማጆች ማኅበርና የሕግ ታሪክ

ሕግ የሚወጣው በምክር ቤት አዳራሽ ነው ቢባልም፣ የአያሌ ሕጎች መነሻ ሲመረመር ከአዳራሹ እጅግ ርቆ በገበያ፣ በእርሻ፣ በወደብ ወይም በውሃ ዳር ይገኛል። አንድ ሰው ብቻውን ያጉረመረመው ነገር ማጉረምረም ሆኖ ይቀራል፤ ብዙዎች በአንድ ቃል የተናገሩት ግን ረቂቅ ይሆናል፤ ረቂቁም ተመክሮበት ሕግ ሆኖ ይጸናል። አባቶች «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያሉት ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ አንበሳው ከታሰረ በኋላ ድሩ ምን ኀላፊነት እንደሚኖርበት ምሳሌው አይናገርም። በአሜሪካ አገር፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ጠረፍ፣ ለመዝናናት ሲሉ በመንጠቆ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ተደራጅተው የዓሣ ማጥመድን ሕግ ያስለወጡበት ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለበት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከቴክሳስ እስከ ፍሎሪዳ የተዘረጋው ጠረፍ በብዙ ስፍራ አሸዋማ ደሴቶች የሚጋርዱት፣ ጥልቀት የሌለው ወሽመጥ የበዛበት ነው። በዚህ ውሃ ከሚገኙት ዓሦች ሁሉ ይልቅ የሕዝቡን ልብ የያዘው በተለምዶ ቀዩ ዓሣ የሚባለው ሬድ ድረም ነው። ጫጩቱ በወሽመጡ ሣርና ጭቃ መካከል ጥቂት ዓመታት ያድጋል፤ ከጐለመሰ በኋላ ወደ ሰፊው ባሕር ይወጣል፤ በበጋው ማብቂያና በመከር ወራትም በወሽመጦቹ መግቢያ አጠገብ እንቁላሉን ይጥላል። ዕድሜ ካገኘ እስከ 40 ዓመት ያህል ይኖራል። እንግዲህ የዚህ ዓሣ ሕይወት በሁለት ውሃ ላይ የቆመ ነው። በወሽመጡ ሳለ ልጅነቱን ሳይጨርስ ካለቀ ወደ ባሕር የሚወጣ ወላጅ አይኖርም፤ ወላጁ በባሕር ላይ ካለቀም ወደ ወሽመጡ የሚገባ ጫጩት አይኖርም።

በዚሁ ጠረፍ ሁለት ዓይነት አጥማጆች ለብዙ ዘመን ጐን ለጐን ኖረዋል። አንደኛው መረብ ዘርግቶ ያገኘውን ለገበያ የሚያቀርብ፣ ቤተ ሰቡንም በዚያ የሚያስተዳድር ባለሙያ ነው። ሁለተኛው በሌላ ሥራ የሚተዳደር ሆኖ በዕረፍት ቀኑ ዘንግና መንጠቆ ይዞ ወደ ባሕር የሚወርድ ነው። የመጀመሪያው በቍጥር ጥቂት ቢሆንም ኑሮው በሙሉ በባሕሩ ላይ የተመሠረተ ነው። ሁለተኛው እጅግ ብዙ ቢሆንም የተበተነ ነው፤ ሐኪሙም፣ አናጢውም፣ መምህሩም፣ ነጋዴውም ለየብቻው መጥቶ ለየብቻው ይመለሳል። ዓሣ ያጣ ቀንም ዕድሉን ያማርራል እንጂ ስለ ማኅበር አያስብም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የናይሎን መረብ በሥራ ላይ መዋሉ የሁለቱን ሚዛን ለወጠው። ይህ መረብ እንደ ጥጥ መረብ ቶሎ አይበሰብስም፤ ከአንድ ቀጭን ክር የተሠራው ዓይነትም በውሃ ውስጥ ለዓሣ እምብዛም አይታይም። ዓሣው ራሱን በመረቡ ዓይን አስገብቶ ወደ ኋላ ሊመለስ ሲል በሚተነፍስበት ስንጥብ ተይዞ ይቀራል። በ1970ዎቹ ዓመታት በቴክሳስ ወሽመጦች የቀዩ ዓሣና የነጠብጣባሙ ትራውት ቍጥር መመናመኑ በጠረፉ ሰው ዘንድ ግልጽ ሆነ።

በ1977 ዓ.ም. በሂዩስተን ከተማ 14 ባለ መንጠቆዎች ተሰብስበው የባሕረ ሰላጤው ጠረፍ ጥበቃ ማኅበርን መሠረቱ። የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ዋልተር ፎንድረን ነበር። መፈክራቸው «ቀዩን ዓሣ አድኑ» የሚል አጭር ቃል ነበር። የእነዚህ ሰዎች ብልኀት የተገለጠው ስሞታን ወደ ማስረጃ በመለወጣቸው ነው። «ዓሣ አጣሁ» የሚል ሰው ስለ ራሱ ይናገራል፤ «ዓሣው ይህን ያህል ቀንሷል፤ ምክንያቱም ይህ ነው፤ መድኃኒቱም ይህ ሕግ ነው» የሚል ሰው ግን ስለ አገሩ ይናገራል። ከዚህም ጋራ በመንጠቆ የሚጠመድ ዓሣ በጀልባ፣ በነዳጅ፣ በማታለያ ምግብና በእንግዳ ማረፊያ በኩል ለጠረፉ ከተሞች የሚያስገኘው ገንዘብ፣ ያው ዓሣ በገበያ ተሽጦ ከሚያወጣው ዋጋ እንደሚበልጥ ያስረዱ ነበር።

ባለ መረቦቹና የዓሣ ነጋዴዎቹም ዝም አላሉም። የእነርሱ ክርክር ዛሬም ቢሆን ቀላል አይደለም። ባሕሩ የሕዝብ ሁሉ ከሆነ፣ ጀልባና ዘንግ የሌለው ሰው የዚህን ባሕር ዓሣ ሊቀምስ የሚችለው ከገበያ ገዝቶ ብቻ አይደለምን? ዓሣውን መሸጥ ከተከለከለ የሕዝብ የተባለው ሀብት ዕረፍትና ገንዘብ ላለው ሰው ብቻ መቅረቱ አይደለምን? «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» እንደሚባለው፣ ስለ አንድ ዓሣ የተጀመረው ነገር ባሕሩ የማን ነው የሚለውን ታላቅ ጥያቄ ጎትቶ አወጣ።

የቴክሳስ ምክር ቤት በ1981 ዓ.ም. ቍጥር 1000 የተባለውን ረቂቅ አጸደቀ። በዚህም ሕግ በቴክሳስ ውሃ የሚገኙት ቀዩ ዓሣና ነጠብጣባሙ ትራውት ተይዘው ለገበያ እንዳይቀርቡ ተከለከለ። ከተመሠረተ ገና 4 ዓመት የሆነው ማኅበር ይህን ያህል ድል ማግኘቱ በሌሎቹ ክፍላተ ግዛት ዘንድ ተሰማ፤ በ1980ዎቹ አጋማሽም ቅርንጫፎቹ በባሕረ ሰላጤው ጠረፍ ሁሉ ተዘረጉ። ማኅበሩ ድሉን በሕግ ብቻ አልተወውም፤ በኮርፐስ ክሪስቲ ከተማ ከአንድ የኤሌክትሪክ ኩባንያና ከመንግሥት ጋራ ተባብሮ የቀዩን ዓሣ ጫጩት የሚያፈላ ጣቢያ አቋቋመ። የተፈጥሮም ፈተና አልቀረለትም። በ1983 እና በ1989 ዓ.ም. ክረምት የወረደው ብርቱ ቅዝቃዜ በቴክሳስ ወሽመጦች እጅግ ብዙ ዓሣ ገደለ። ይህም ለዓሣ ማለቅ መረብ ብቻ ምክንያት እንዳልሆነ ለሁሉም አስታወሰ። በ1988 ዓ.ም. ቴክሳስ በጠረፍ ውሃዋ እንዲህ ያለውን የመረብ ሥራ ጨርሳ ከለከለች።

በዚህ መካከል ያልታሰበ ነገር ከወጥ ቤት መጣ። በኒው ኦርሊንስ ከተማ ፖል ፕሩዶም የሚባል ስመ ጥሩ ወጥ ሠሪ ቀዩን ዓሣ በቅመምና በቅቤ ለውሶ፣ በጋለ ብረት ምጣድ አጥቁሮ ማቅረብ ጀመረ። ምግቡ በአገሩ ሁሉ ዝና አገኘ፤ ፈላጊውም በዛ። የወሽመጡ ዓሣ በሕግ በተጠበቀበት በዚያው ዘመን፣ በሰፊው ባሕር ላይ እንቁላል ለመጣል የተሰበሰቡት ታላላቅ ወላጆች በአውሮፕላን እየተፈለጉ በሰፋፊ ክብ መረብ ይታፈሱ ጀመር። በ1986 ዓ.ም. የፌዴራሉ መንግሥት በአስቸኳይ ደንብ ይህን አጠማመድ ገታ፤ ቈይቶም በፌዴራሉ ውሃ ቀዩን ዓሣ መያዝ ፈጽሞ ተከለከለ። በጥቅምት ወር 2007 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በፈረሙት ትእዛዝ ይህ ጥበቃ ተጠናከረ።

ነገሩ ከሁሉ ይልቅ የከረረው በፍሎሪዳ ነው። በዚያ ክርክሩ ስለ ቀዩ ዓሣ ብቻ አልነበረም፤ ሙሌት ስለሚባለው፣ በመከርና በክረምት በመንጋ ሆኖ ወደ ባሕር ስለሚጓዘው ዓሣም ነበር። የሙሌት እንቁላል በእስያ ገበያ ተፈላጊ በመሆኑ መረቡ በረከተ። ባለ መንጠቆዎቹ በምክር ቤትና በመሥሪያ ቤት በኩል ሲያቀርቡት የነበረው ጥያቄ እንደ አሳባቸው ስላልተፈጸመላቸው ሌላ መንገድ መረጡ። የፍሎሪዳ ሕገ መንግሥት ሕዝቡ ራሱ ፊርማ አሰባስቦ የማሻሻያ አሳብ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ካርል ዊክስትሮም የመሠረተው «ፍሎሪዳ ስፖርትስማን» የተባለው የአጥማጆች መጽሔት ቅስቀሳውን በግንባር መራ፤ የማኅበሩ የፍሎሪዳ ቅርንጫፍም ከጐኑ ቆመ። ከ400 ሺህ በላይ ፊርማ ተሰብስቦ ጥያቄው ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ።

ቅስቀሳው መረብ የባሕር ኤሊና ሌሎችንም ያልተፈለጉ እንስሳት እንደሚገድል ለሕዝቡ አሳየ። ባለ መረቦቹ ደግሞ የሚታዩት ሥዕሎች የእነርሱን ዓይነት አጠማመድ የሚገልጹ አይደሉም ሲሉ አቤት አሉ። ነገር ግን ኀይላቸው እኩል አልነበረም። በአንድ ወገን የቆሙት በመላው ፍሎሪዳ የሚገኙ ባለ መንጠቆዎችና ከተሜው ሕዝብ ነበሩ፤ በሌላው ወገን እንደ ኮርቴዝና እንደ ሴዳር ኪ ያሉ፣ ለትውልድ በመረብ የኖሩ ጥቂት መንደሮች ነበሩ። ኅዳር 8 ቀን 1994 ዓ.ም. በተሰጠው ድምፅ ከመቶ 72 ያህሉ ማሻሻያውን ደገፈ። ከሐምሌ 1 ቀን 1995 ዓ.ም. ጀምሮ ዓሣን በስንጥብ የሚይዝ መረብ በፍሎሪዳ ውሃ እንዳይዘረጋ፣ ሌላውም መረብ በጠረፉ አጠገብ ከ500 ካሬ ጫማ እንዳይበልጥ በሕገ መንግሥት ተደነገገ።

አንድ ሰው ሌሊት ዘርግቶት ያደረውን መረብ በማለዳ ሰብስቦ «ከእንግዲህ ወዲህ ይህ ወንጀል ነው» ሲባል የሚሰማውን ሐዘን በቍጥር መመዘን አይቻልም። መንግሥቱ መረቡን ከባለቤቱ ለመግዛት 20 ሚሊዮን ዶላር መደበ፤ ሌላ ሙያ የሚያስተምር ፕሮግራምም ተቋቋመ። በሴዳር ኪ ይህ ፕሮግራም ፍሬ አፈራ። አጥማጆች የነበሩት ሰዎች ክላም የሚባለውን ባለ ዛጎል እንስሳ በባሕር ውስጥ ማርባት ተማሩ፤ ያቺ ትንሽ ከተማም በክላም እርባታ የታወቀች ሆነች። በሌላ ስፍራ ግን ብዙዎች ሙያቸውን ትተው ተበተኑ፤ የቀሩትም በእጅ በሚወረወር ትንሽ መረብ ሙሌት መያዛቸውን ቀጠሉ። ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ በ1997 ዓ.ም. የፍሎሪዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማሻሻያውን አጸና። በ2013 ዓ.ም. አንድ የበታች ፍርድ ቤት ለአጥማጆቹ ቢፈርድላቸውም በ2014 ዓ.ም. ይግባኝ ሰሚው ፍርዱን ሻረው። ይህም በሕዝብ ድምፅ የተቈረጠ ነገር በተሸናፊው ልብ ከ20 ዓመት በኋላም እንዳልተቈረጠ ያሳያል።

ይህ ታሪክ በዚህ ቢያበቃ የብዙኀን ድልና የጥቂቶች ጉዳት ታሪክ ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን ከመረቡ በኋላ የመጣው ነገር አሸናፊውንም የሚመለከት ነው። በቴክሳስ ባለ መንጠቆው በቀን ከ3 ቀይ ዓሣ በላይ እንዳይወስድ፣ የያዘውንም በመስፈሪያ ለክቶ ከ20 ኢንች ያነሰውንና፣ በልዩ ፈቃድ ካልሆነ በቀር፣ ከ28 ኢንች የበለጠውን ወደ ውሃ እንዲመልስ ታዘዘ። ትንሹ እንዲያድግ፣ ትልቁም እንዲወልድ ይተዋል። መረቡን ያስወገደው ሰው መንጠቆውን ራሱ በሕግ ማሰር ግድ ሆነበት።

ከሁሉ ይልቅ አስተማሪ የሆነው የሉዊዚያና ነገር ነው። ሉዊዚያና በ1988 ዓ.ም. የቀዩን ዓሣ ንግድ ከለከለች፤ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ ዓሣን በስንጥብ የሚይዘውን መረብ በብርቱ ገደበች። ከዚያ ወዲህ ቀዩን ዓሣ የሚይዘው በተለይ ባለ መንጠቆው ሆነ። ይህም ሆኖ በ2022 ዓ.ም. የቀረበው ጥናት ቀዩ ዓሣ ከመጠን በላይ እየተጠመደ መሆኑን አሳየ። የጠረፉ ረግረግ በባሕር እየተበላ መጥፋቱ ለዓሣው ማነስ አንድ ምክንያት ቢሆንም፣ ስለ አጠማመዱ በዋናነት የሚጠየቀው ግን ባለ መንጠቆው ነበር። ስለዚህ በሰኔ ወር 2024 ዓ.ም. በቀን ይፈቀድ የነበረው 5 ዓሣ ወደ 4 ዝቅ እንዲል፣ የሚፈቀደውም ርዝመት ከ18 እስከ 27 ኢንች እንዲሆን ተወሰነ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ፊት አለው። አንደኛው፣ የተበተነ ብዙ ሕዝብ ከተደራጀ ጥቂት ያነሰ ኀይል እንዳለው፣ ስሞታውን በማስረጃ አስደግፎ በማኅበር ሲናገር ግን የአገርን ሕግ እስከ መለወጥ እንደሚደርስ ነው። 14 ሰዎች ተሰብስበው የጀመሩት ነገር ሕገ መንግሥት እስከ ማሻሻል ደርሷልና። ሁለተኛው፣ በማኅበር ኀይል ሌላውን ከማዕድ ያስነሣ ወገን የማዕዱን ጥበቃ ለብቻው እንደሚረከብ ነው። ያሸነፈ ማኅበር ስለ ተሸናፊው እንጀራ ያስባል፤ ከዚያም ለሌላው ያወጣውን ሚዛን በራሱ ላይ ይጥላል። በቴክሳስ ወሽመጥ ዳር ቆሞ የያዘውን ዓሣ በመስፈሪያ የሚለካው፣ ከልኩ የወጣውንም ወደ ውሃ የሚለቀው ባለ መንጠቆ፣ ያስወጣው ሕግ በራሱም ላይ የሚሠራ መሆኑን በየቀኑ ይመሰክራል።